ክርክር፦ የአርባ ድግስ በእድር ደንብ ይከልከል?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ እዚህ ጎንደር የእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። እድሩ እንደ ድሮው ይቀብራል፣ እስከ ሰልስት ያስተዛዝናል። የአርባው ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ይደረጋል። ድንኳን ተክሎ፣ ከብት አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ ሰፈሩን መጥራት ግን ይቀራል። ይህን የጣሰ አባል የእድሩን ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር አያገኝም።

የእድሩ ዳኛ «የምትስማሙ እጅ አውጡ» አሉ። ያላወጣ አልነበረም። እኔም አወጣሁ። ስንበተን ግን ከጎኔ ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «የእናቴ አርባ እየደረሰ ነው፤ ከሷ በኋላ ቢጀመር ጥሩ ነበር» አለኝ። እሱም እጁን አውጥቷል።

ደንቡ በሚቀጥለው ወር ጉባኤ ይጸድቃል። እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔ ይቅር ከሚሉት ነኝ። የሰውዬው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከቁስቋም፦
ልጄ፣ ነገሩን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ ይህ ሁሉ ሥርዓት አባቶች ያቆዩት ነው። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው። የሞተ ሰው በአንድ ቀን አፈር ተመልሶበት አይረሳም ማለት ነው።

ደግሞ ድግሱ ማንን እንደሚያበላ አስቡ። ይህች ከተማ የትምህርት ከተማ ናት። አቋቋም (የማኅሌት ዜማና ዝማሜ) ሊማር የሚመጣው ተማሪ እስከ ዛሬ ወደ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመጣው። የቆሎ ተማሪ በማን እንጀራ ነው ያደገው? በሰፈር እንጀራ ነው፤ በተዝካር እንጀራ። አባቴ ሲያርፍ መጀመሪያ የበሉት ነዳያን ነበሩ። ዘመድ ከነሱ በኋላ ነው የበላው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦
ጋሼ፣ በአባትዎ ጊዜ እንደዚያ ከነበረ ደስ ይላል። አሁን እኔ የማየው ሌላ ነው። ነዳዩ አጥር ጥግ ይቀመጣል፣ የተረፈው ይወጣለታል። ድንኳን ውስጥ ወንበር የሚለቀቅለት መኪና ይዞ ለመጣው ነው።

ቬብለን የሚባል አሜሪካዊ በ1899 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ለታይታ የሚወጣ ወጪ ያለው ይኼንን ነው። ሀብት ኖሮህ ብቻ አትከበርም፤ ስታወጣው መታየት አለብህ። ያለው ሰው ሁለት በሬ ይጥላል። የሌለው ደግሞ ከሱ ላለማነስ ይበደራል። ጎረቤታችን ለባሏ አርባ ብላ የምታከራየውን ክፍል የስድስት ወር ኪራይ አስቀድማ ተቀብላ ደገሰች። ስድስቱንም ወር ልጆቿ በምን እንደኖሩ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ይከልከል! ቅጣቱም ይጥበቅ።

መምህር ከፒያሳ፦
የሶሺዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) መግቢያ አስተምራለሁ። ስለ ድግሱ ከመናገሬ በፊት ስለዚያ የወጣ እጅ ላንሣ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ይመስለኛል።

ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ዱርኬም በ1895 (እኔም ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ማኅበራዊ ሐቅ ያለውን ሳስተምር ተማሪዎቼ ይከብዳቸዋል። ከእኔ ውጭ የሆነ፣ እኔን ግን የሚያስገድደኝ የአኗኗርና የአስተሳሰብ መንገድ ማለት ነው። አብሬው ስሄድ አይሰማኝም። ስቃወመው ነው ክብደቱ የሚታወቀኝ። ብዙ አብራርቼ ሳይገባቸው «ይሉኝታ» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ቃሉን ፍቱት እስኪ። «ይሉኛል» ነው። ኩሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1902 ሰው ራሱን በሌሎች ዓይን እንደ መስታወት እያየ ነው የሚያፍረውም የሚኮራውም ብሎ ሐሳቡን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ጽፏል። አማርኛ በአንድ ቃል ይዞታል።

ሰውዬው ሊደግስ ያሰበውም በይሉኝታ፣ እጁን ያወጣውም በይሉኝታ ነው። ጎረቤት እያየ «አይ፣ እኔ ልደግስ» ማን ይላል? ስለዚህ የዚያ ቀን ቆጠራ የሰዉን ሐሳብ አልለካም። ይሉኝታን ነው የለካው።

ሰው የሚለውና የሚያደርገው እንደሚለያይ ከታወቀ ቆየ። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን በመኪና ዞረ። ቻይናውያን በጣም የሚጠሉበት ጊዜ ነበር። በ251 ማደሪያና ምግብ ቤት ተስተናገዱ፣ ወይም ለመስተናገድ ጠየቁ። የከለከላቸው አንድ ቤት ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ለቤቶቹ «ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ?» ብሎ ጻፈላቸው። መልስ ከሰጡት ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ይህን በ1934 አሳተመ። ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ በር ላይ የሚደረገው ሌላ።

የማራኪ ልጅ፦
መምህር፣ እንግዲያው ምን እናድርግ? ሰው አይጠየቅ?

መምህር ከፒያሳ፦
ይጠየቅ እንጂ። ግን ማን ተጠየቀ? እንዴት ተጠየቀ? እስኪ ንገረኝ፣ ስብሰባው ላይ ስንት ሴት ነበረች?

የማራኪ ልጅ፦
ሦስት። ሦስቱም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። መዝገቡ በአባወራው ስም ስለሆነ የሚመጣው ወንዱ ነው።

የአዘዞዋ፦
ይህን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ ሃያ ዓመት በሰው የአርባ ድግስ ጓዳ ያደርኩ ሴት ነኝ። ወንዶቹ እጅ ያወጡበት ድግስ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጌሾ ይወቀጣል። ጥንስሱ ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይፈጫል። አሻሮው ሲቆላ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ካልጠቆረ ደግሞ ጠላው መልክ አያወጣም። ከዚያ ይደፈደፋል። ዋዜማው ሌሊት ሽንኩርት የሚከተፈው በማዳበሪያ ነው። አንዷ ስትከትፍ፣ አንዷ ስታማስል፣ አንዷ ምጣድ ላይ ስትጋግር ይነጋል። ያን ሌሊት ያዘነችው ሴት መሀላችን ትቀመጣለች። ቀን ድንኳን ውስጥ ያላለቀሰችውን ሌሊት ሽንኩርት እየላጠች ታለቅሳለች። ማንም «ተይ» አይላትም። ይህን ልትከለክሉ ነው? ይህ እንዲቀር አልፈልግም።

ብድሩም አለ። እኔ ለእከሊት የአርባ ድግስ አንድ መሶብ እንጀራ ይዤ ሄጃለሁ። ለእከሊት ቅቤ፣ ለእከሊት ዶሮ። አልጻፍኩትም። ግን አንዱም አይረሳኝም፤ እነሱም አይረሳቸውም። የእኔ ቀን ሲመጣ ይመለሳል ብዬ ነው። ነገ በደንብ ከለከላችሁ እንበል። የሃያ ዓመት እንጀራዬን ማን ይመልስልኛል? ያበላ ተከልክሎ የበላ ይቅር ሊባል ነው?

ግን ልጁ የተናገረላት ባለ ኪራይዋ ሴትም እውነት ናት። እንደሷ ያሉ አውቃለሁ። የሚጎዳቸው እንጀራው አይደለም፤ እንጀራ ሰፈር ያመጣል። በሬው ነው የሚጎዳቸው። በሬ የሚያመጣ ጎረቤት የለም።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦
እትዬ፣ የበሬውን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ «ድግስ» ብዬ ነው የጠራሁት።

መምህር ከፒያሳ፦
እትዬ የጻፉትን ነገ ለክፍሌ አነበዋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ። የዱርኬም የእኅት ልጅ ማርሴል ሞስ በ1925 ስለ ስጦታ ያለው ቃል በቃል ይኼው ነው። ስጦታ ሦስት ግዴታ አለበት፤ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። በነፃ የተሰጠ ይመስላል፣ ግን ያስተሳስራል። ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው ያ ያልተከፈለ ብድር ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ተከፋፍሎ ቢጨርስ ማን ማንን ይጠይቃል?

ስለ ሌሊቱም አንድ ነገር ልበል። ዱርኬም በ1912 ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር አብረው ሲያደርጉ ብቻቸውን የማያገኙት ስሜት ይወለዳል ብሏል። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ሲረጭ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ያ ነገር ጓዳ ውስጥም ሽንኩርት ላይም አለ ለካ።

ተማሪውም አልተሳሳተም። አንዱ ሥርዓት ሰፈሩን ሊያስተሳስር ይችላል፤ ድሃውንም ሊያደኸይ ይችላል። መግቢያ ኮርስ ላይ ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ነው የምናስተምረው። ኑሮው ላይ አንድ ድንኳን ውስጥ ናቸው።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦
አሰላሙ ዓለይኩም። ከአዲስ ዓለም ነኝ። የእኛ እድር ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። አብረን እንቀብራለን። ምግቡ ለየብቻ ይሠራል፣ ለቅሶው አንድ ነው። የናንተ ደንብ የሚያነሳው የክርስቲያኑን ተዝካር ብቻ ነው። እኛ ለሙት የምናበላው ሶደቃስ? እንደኛ ያለ እድር ይህን ደንብ ቢቀዳ አንዱን ነክቶ ሌላውን ይተዋል። ቅያሜ ያመጣል።

ሌላ ነገር። የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር በሞተ ጊዜ ነቢያችን «ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው» ማለታቸውን ሽማግሌዎቻችን ሁልጊዜ ያነሱታል። ምግቡ ወደ ሐዘንተኛው ይሂድ፤ ከሐዘንተኛው አይውጣ ማለት ነው። ይህ በእናንተም አለ። እዝን የምትሉት እሱ አይደለም?

ከቁስቋም፦
እውነት ነው፣ እዝን አለ። እዝን ከሰልስት አያልፍም እንጂ ሥርዓቱ አለ። ልጄ፣ ይህን ስላነሣህልኝ አመሰግናለሁ። አርባውንም ጎረቤት እንደ እዝን ተሸክሞት ቢመጣ ሙቱም ይታሰባል፣ ነዳዩም ይበላል። በዚህ አልጣላም። በቅጣቱ ግን እጣላለሁ። ሐዘንተኛን ድንኳን የሚከለክል እድር፣ እድር አይባልም።

የማራኪ ልጅ፦
እንግዲያው ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ዳኛውን ዛሬ ማታ አገኛቸዋለሁ። ቅጣቱ ይውጣ እላለሁ። እርዱ ይቅር፣ እንጀራና ወጡ በየቤቱ ተሠርቶ ይምጣ እላለሁ። መጀመር ያለባቸው ደግሞ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ድሃ ሳይደግስ ቢቀር «አጥቶ ነው» ይባላል። ባለሀብቱ ሲተወው ግን ሌላው ይሉኝታው ይቀልለታል። ድምፁም እጅ በማውጣት አይሁን፤ በወረቀት በምስጢር ይሁን። ለአንድ ቤት ሁለት ድምፅ፣ ለባልም ለሚስትም።

መምህር ከፒያሳ፦
ሁለት ድምፁ ጥሩ ነው። በር ላይ ባልና ሚስት አንድ ላይ እንዳይገቡ ብቻ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ቆጥራችሁ አታቁሙ። ዓመቱን ሙሉ ማን ምን እንዳደረገ የእድሩ ጸሐፊ ይመዝግብ። ዳባት ወረዳ ላይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየዞረ ዓመታት የመዘገበው፣ ሰው አንድ ቀን ከሚናገረው ይልቅ በየጊዜው የሚሆነው ስለሚበልጥ ነው።

ከቁስቋም፦
በስውር ድምፅ መስጠት ለእኔ አዲስ ነው። በእኛ ጊዜ ሰው ቆሞ ተናግሮ ነበር የሚወስነው። ደግሞስ ወረቀት የማያነቡ እናቶች እንዴት ሊሆኑ ነው? አስነባቢ ካቆማችሁላቸው ምስጢሩ የት አለ?

የአዘዞዋ፦
ጋሼ፣ ለዚህ ወረቀት ምን ያደርጋል። ባቄላ እና ሽንብራ ነው። ሁሉም ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ በእጁ ይዞ ይገባል። እርዱ ይቅር የሚል ባቄላውን ይጥላል፤ ይቀጥል የሚል ሽንብራውን። የቀረችውን ፍሬ ሲወጣ ቁና ላይ ይበትናል፤ ቁናው ላይ ባቄላና ሽንብራ ተደባልቆ ስላለ አትለይም። እናቴ ጠላ የምታወርድበት አንድ እንስራ አለችኝ፣ እሷን ይዤ እመጣለሁ። አንገቷ ጠባብ ነው። እጅ ሲገባ ምን እንደጣለ አይታይም።