ኤርፖርት ተቀበልናቸው፤ ከዚያስ? የአዲስ መጪዎች ዕቅድ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለሚመጡ አዲስ ሰዎች የምናደርገውን ነገር በጽሑፍ አድርገን ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ አለብን። መነሻ ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ በዲቪና በቤተሰብ ጥሪ የሚመጡ ወገኖችን ኤርፖርት ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 300 ዶላር ይረዳል።» አስተያየታችሁን ጻፉ። ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ በኋላ ስብሰባ ላይ ማጉረምረም የለም።

ሹፌሩ አባል፦
እኔ አልተስማማሁም። ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ሰው መቀበልማ ማን ያቅተዋል? አበባ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ቤት ሲደርሱ ዶሮ ወጥ አለ። ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ተቀባዩ ሁሉ ወደ ሺፍቱ ተመልሷል። እንግዳው ቤዝመንት ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሏል። እኔ ስመጣ «ግሪን ካርዴ ይድረስ» ብዬ ሁለት ወር ሥራ ሳልፈልግ ቤት ዋልኩ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ኤርፖርት ማኅተም ካረፈበት በኋላ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ እንደሚያገለግል የነገረኝ ሰው የለም። መሥራት እችል ነበር እኮ!

ነርሷ አባል፦
ጋሼ ልክ ነዎት። የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ልጨምር። ካርዱ ተልኳል ይላሉ፣ እሱ ጋ ግን የለም። ለካ የፖስታ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የአከራዩ ስም ብቻ ነው። ፖስተኛው የልጁን ስም ሲያጣ ጊዜ ወደ ላኪው መለሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን ደጅ ጥናት አትጠይቁኝ። መፍትሔው ቁራጭ ወረቀትና ፕላስተር ነበር፤ ስሙን ጽፎ ሳጥኑ ላይ መለጠፍ። አድራሻ ሲቀይር ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ እንዳለበት ሲሰማ፣ ፎርም እንሞላለን ለሚሉ ሰዎች 80 ዶላር ከፈለ። ነገሩ በኢንተርኔት በነጻ የሚሞላ ነው።
ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አጃቢ ይመደብ፣ ለ90 ቀን።

ገንዘብ ያዥ፦
አጃቢው ይሁን፣ እስማማለሁ። 300ውን ግን አትንኩብኝ። ክሬዲት (የብድር ታሪክ) የሌለው ሰው አፓርታማ ሲጠይቅ «ኮሳይነር (አብሮ የሚፈርም ዋስ) አምጣ» ነው የሚባለው። ኮሳይነር ከሌለ ዲፖዚቱን (የቤቱን መያዣ ገንዘብ) ይቆልሉበታል።

ተማሪዋ አባል፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስተካክል። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለተፈረመ የኪራይ ውል ዲፖዚቱ በመሠረቱ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ባለፈው የመጣው ልጅ ግን የሁለት ወር ከፍሏል። ያውም ለገዛ ወገኑ! (ስም አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል።) አጃቢ ቢኖረው ይህን ከመፈረሙ በፊት ይነግረው ነበር።
ከ300ው ውስጥ 200ው ባንክ ተይዞ ሴኪውርድ ካርድ (በተያዘ ገንዘብ ዋስትና የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ) ይውጣበት። በየወሩ ትንሽ ነገር ገዝቶበት በሰዓቱ ከከፈለ ክሬዲቱ ይጀምራል። ያስያዘውን ሲያስመልስ ለማኅበሩ ይመልስና ለቀጣዩ ሰው ይዙር። እንደ እቁብ በሉት።

ሹፌሩ አባል፦
አዲስ ሰው ላይ ገና ከመምጣቱ ዕዳ? ደስ አይልም። አገር ቤት ያሉት ገንዘብ ላክ ማለት የሚጀምሩት እኮ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ወለድ የለውም፣ ፊርማ የለውም። ሥራ ከያዘ ከ6 ወር በኋላ ይመልሳል። ካልቻለም አናሳድደውም። ካዝናው ግን በአንድ ዓመት እንዳይራቆት አስቡልኝ።

እማማ (ከመሥራቾቹ አንዷ)፦
ልጆቼ፣ የወረቀቱን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ አንድ ነገር ልበል። በመኪና አታዙሯቸው። በመኪና የዞረ ሰው መንገድ አያውቅም። እኔን ልጄ ሁለት ዓመት በመኪና አመላለሰኝ፤ አንድ ቀን ቢቀርብኝ ከቤት መውጣት አቃተኝ። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ አሁን በነጻ ሆኗል፣ ምን ቸገራችሁ? አብራችሁ ተሳፈሩ። ፌርማታውን በእጃቸው ያሳዩ፣ በሦስተኛው ቀን እነሱ ይምሯችሁ። ቤተ መጻሕፍቱን፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሰጥበትን የጊልክረስት ማዕከል፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ እንጀራ የሚሸጥበትን ሱቅ። በተለይ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ የሚመጡትን እናቶች አትርሱ። እነሱን ማንም አዲስ መጪ አይላቸውም።

ነርሷ አባል፦
እማማ፣ ይህ በረቂቁ ውስጥ ቃል በቃል ይግባ። ደግሞ አስተርጓሚ መጠየቅን እናስተምራቸው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሕግ ስላወጣ ብዙ ቅጽ በአማርኛ ይገኛል። እኛ ግን ኢስተርን አቬኑን ተሻግረን ሜሪላንድ ነን፤ እዚህ ካልጠየቅክ ላይሰጥህ ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ አያለሁ፤ ሰው ሳይገባው «የስ፣ የስ» ይላል። «አማሪክ ኢንተርፕረተር ፕሊስ» የሚለው በትልቁ ተጽፎ ኪሳቸው ይግባ።

ሰብሳቢ፦
እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦
«ማኅበሩ ለእያንዳንዱ አዲስ መጪ ቤተሰብ ለ90 ቀን አንድ አጃቢ ይመድባል። አጃቢው በሳምንት አንድ ቀን በአካል ይገናኛቸዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት በአውቶቡስ አብሯቸው ይሄዳል፤ የፖስታ ሳጥናቸውን ያያል፤ የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት አብሮ ያነባል። 100 ዶላር ስጦታ፣ 200 ዶላር ያለ ወለድ ብድር ይሰጣል።»
ተቃውሞ ያለው እስከ እሁድ ይጻፍ።

ሹፌሩ አባል፦
ብድሩ አሁንም አልተዋጠልኝም። ለቀረው ግን እጄን አውጥቻለሁ።

ጸሐፊ፦
ጉባኤው ባያጸድቀውም መጀመር ሊኖርብን ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ቤተሰብ ደለስ ኤርፖርት ይገባል፤ ባልና ሚስት፣ የ3 ዓመት ልጅ። አጃቢ ማን ይሁን? የልጅ ወንበር መኪናው ውስጥ ያለውስ?

ተማሪዋ አባል፦
ወንበሩ የእህቴ አለ። መኪና ግን የለኝም።

ሹፌሩ አባል፦
መኪናው የእኔ። ወንበሩን ረቡዕ ማታ መጥቼ እወስዳለሁ። ከዓርብ ጀምሮ ግን በአውቶቡስ ነው፤ እማማ ሰምተዋል።