ዋራንቲው ሳያልቅ ቱርቦው ሄደ፤ “አንሸፍንም” አሉኝ። ልፈርም ወይስ ልከራከር?

የመንገድ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የናፍጣ መኪና አለችኝ። ዋራንቲዋ ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ሦስት ዓመቱም አልሞላ፣ ቆጣሪውም ገና 61,000 አካባቢ ነው። መጀመሪያ ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት፤ ነዳጅ ስሰጣት ፉጨት የመሰለ ድምፅ አመጣች፤ ቀጥሎ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መውጣት ጀመረ፣ የሞተር መብራቱም በራ። ወዲያው አቁሜ የሸጠኝ ድርጅት ጋራዥ አስጎተትኳት። ኮምፒውተር ሰክተው “ቱርቦው ሄዷል” አሉ፤ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ ማለት ነው። ዋራንቲ አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ስጠብቅ በስልክ ተደወለልኝ፦ “ሰርቪስ ውጭ ስላስደረግሽ ዋራንቲው ወድቋል።”

የመጀመሪያዎቹን ሰርቪሶች እነሱ ጋ፣ ቀሪዎቹን ሌላ ጋራዥ ነው ያስደረግኩት። ግን አንዱንም ከመመሪያው ኪሎ ሜትር አላሳለፍኩም። ደረሰኙ ሁሉ እጄ ላይ አለ፤ የዘይቱ ዓይነትና የፊልትሮው ቁጥር ሳይቀር ተጽፎበታል። (ደረሰኝ አልጥልም፤ ቤት ውስጥ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።) አሁን “ቱርቦውን ፈተን እንድናየው ፈርሚ፣ ወጪውን ትችያለሽ” እያሉኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጎማ_በጎማ፦

እህቴ፣ ዋራንቲ መኪናውን እስኪሸጡልሽ ድረስ ነው የሚሠራው። ጊዜሽን አትጨርሺ፤ ውጭ አሠሪና ተገላገዪ።

አሮጌ_ካምቢዮ፦

ጎማ በጎማ፣ እንዲህ እያላችሁ ነው ሰዉን ገንዘቡን የምታስበሉት።

ስሚኝ ልጄ። ብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ የዋራንቲ ፎርም ስሞላ ነው የኖርኩት። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ነገር እንዲህ ነው፦ ጋራዡ ይሠራል፣ የዕቃውንና የጉልበቱን ሂሳብ ለአምራቹ ይልካል፣ አምራቹ ይከፍላል። ኋላ ደግሞ የአምራቹ ኦዲተሮች ይመጡና ወረቀቱ የጎደለበትን ጥያቄ ሲያገኙ የከፈሉትን መልሰው ይቆርጣሉ። ስለዚህ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ፋይሉ ትንሽ ጥያቄ ካለበት “አይሆንም” ማለት ይቀለዋል። ብዙ ጊዜ ያ “አይሆንም” አምራቹ ዘንድ እንኳ አልደረሰም። ልከውት እንደሆነ ጠይቂ፤ ከላኩ የተመዘገበበትን ቁጥር ይስጡሽ።

እስካሁን የተነገረሽ በስልክ ነው። በጽሑፍ አምጡ በያቸው፤ የውሉ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ዕቃ፣ የብልሽቱ ምክንያት ምን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። የዋራንቲ መጽሐፉንም አንቺ ራስሽ አንብቢው። አብዛኛው የሚለው በተባለው ጊዜ፣ በተባለው ደረጃ ዘይት ሰርቪስ ይደረግ ነው። “እኛ ጋ ብቻ” የሚል ካለበት ደግሞ የምትኖሪበትን አገር ሕግ ማየት ነው። አሜሪካ በፈረንጆች ከ1975 ጀምሮ፣ አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጡ በቀር፣ ዋራንቲን በእንዲህ ያለ ግዴታ ማሰር በሕግ ተከልክሏል። ሌላ ቦታ ሊለይ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። “ሰርቪስ ውጭ ተደርጓል” ማለት ቱርቦው የተበላሸበትን ምክንያት መንገር አይደለም። የፍሬን ሸራ ውጭ ስለቀየርሽ መሪው ቢበላሽ ምን አገናኛቸው? ማገናኘት ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ ቱርቦ ደግሞ ከተፈታ በኋላ ብዙ ነገር ይናገራል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ የተሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይት ካጠረው በሙቀት ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ዘይቱ ቆሻሻ ከነበረ ኩሽኔታው ላይ ጭረት ይታያል። አየር የሚስበው ጎን ያሉት ክንፎች ጫፋቸው ከተሸራረፈ በአየር ፊልትሮ በኩል ባዕድ ነገር ገብቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥያቄው ፊልትሮውን ወደቀየረው ጋራዥ ይዞራል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ዘይቱም ንጹህ ከሆነ፣ የፋብሪካ ጉድለት ነው የሚለው ክርክርሽ ይበረታል።

ስለዚህ ሲፈታ አንቺ ወይም የምታምኚው መካኒክ ቁሙ፣ ፎቶ አንሱ። ከሞተሩ ዘይት በንጹህ ጠርሙስ ቅጂ፤ ላቦራቶሪ ሊያየው ይችላል። ስህተቱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ያስቀምጣል። ሳያጠፉት አትመው ይስጡሽ። ከጠፋ አይመለስም።

ፋይል_አዋቂ፦

ጋሼ ካሉት ላይ ስለ ፊርማው ልጨምር። እንዳለ አትፈርሚ። “ምክንያቱ በዋራንቲ የሚሸፈን ሆኖ ከተገኘ የመፍቻውን ወጪ ድርጅቱ ይሸፍናል” የሚል መስመር በእጅሽ ጨምሪበትና ቅጂ ውሰጂ። አሮጌውን ቱርቦ ደግሞ “ጥለነዋል” እንዳይሉሽ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዲቀመጥ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ። ዕቃው ከሌለ ገለልተኛ ባለሙያ ምን ያያል? ደብዳቤሽ ላይ ስድብና ማስፈራሪያ አያስፈልግም። የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ ምልክቱ የታየበት ቀን፣ የሰርቪሶቹ ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የምትጠይቂው ነገር፣ መልስ የምትጠብቂበት ቀን። ለድርጅቱ ላኪና ግልባጩን ለአምራቹ የደንበኞች ክፍል አድርጊ።

ጎማ_በጎማ፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን መኪናዋ ቆማ ስትከራከር ሥራዋስ?

አሮጌ_ካምቢዮ፦

ሥራ ይቸገራል፣ አዎ። ግን በተበላሸ ቱርቦ እንዳትነዳት። ዘይቱ ወደ ሞተሩ እየገባ ከተቃጠለ ጉዳቱ ይሰፋል፣ “እያወቀች ነድታ ያባባሰችው ነው” ለማለት ምክንያት ያገኛሉ።

የመንገድ_ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። የሰጡኝ አንድ መስመር ነው፦ “ባልተፈቀደ ጋራዥ ሰርቪስ በመደረጉ።” አንቀጽ የለ፣ ምክንያት የለ። ደረሰኞቹን አያይዤ ለአምራቹ ላክሁ። ሲፈታ መካኒኬ ቆሞ አየ፤ ክንፎቹ ደህና ናቸው፣ ዘንጉ አልጠቆረም፣ ግን በጣም ይወዛወዛል። ይህን ፎቶም ላክሁ። አሁን ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ “ዕቃውን እኛ፣ የጉልበቱን አንቺ” አለኝ። ልቀበል? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

አሮጌ_ካምቢዮ፦

ይህ “በበጎ ፈቃድ” የሚሉት ነው፤ ግዴታ የለብንም ግን እንርዳሽ ማለታቸው ነው። በእኔ ጊዜ ፋይሉ ጠንካራ ሆኖ ሲታየን ነበር የምናቀርበው፣ ስለዚህ አትቸኩዪ። የአምራቹ መልስ እስኪመጣ ታገሺ፤ ደረሰኝም ፎቶም ያለው ሰው ሙሉውን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። መኪናዋ የግድ ካስፈለገችሽና ከተቀበልሽ ግን የሚያስፈርሙሽን ወረቀት አንብቢ። “ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ካለበት ይሰረዝ፣ ወይም “የአምራቹ ውሳኔ እንደተጠበቀ ሆኖ” ይጨመርበት። ለአዲሱ ቱርቦ ስንት ጊዜ ዋስትና እንዳለው ይጻፍ። የዘይት ማስገቢያ ቱቦውን እንዲቀይሩ፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን እንዲያድሱ፣ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የሚመጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት እንዲያጥቡ ሥራ ማዘዣው ላይ አስገቢ። ይህ ተዘልሎ አዲሱም ሲሄድ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ “መጀመሪያም ጥፋቱ የሞተሩ ነበር” ይሉሻል።