ሌዘር ብረት የሚቆርጥ ከሆነ እንዴት ሴል ውስጥ ጂን ያስገባል?

የሐዋሳው ባዮ መምህር

ሰላም ወገን። ሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ጂን ምህንድስና ሳስተምር የጂን ማጓጓዣ ብዬ ቫይረስና ባክቴሪያን ጠቀስኩ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ በሌዘርም ይገባል አሉ» አለኝ። አነበብኩ፣ እውነት ነው። ግን አልዋጥልኝ አለ። ሴሏን ሳይገድል እንዴት ይበሳታል? ጂኑስ ብርሃኑ ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው? ለ12ኛ ክፍል ልጅ በሚገባ ቋንቋ አስረዱኝ። ቀመር ግን አትደርድሩብኝ፣ ፊዚክስ ድሮም አይሆንልኝም።

ላብ ያደገች

መምህር፣ ማስተርሴን ውጭ ስሠራ ከእንዲህ ያለ መሣሪያ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የሚያውቁትን ጠቋሚ ሌዘር እንዳያስቡ፤ ሌዘሩ ብቻውን ትልቅ ጠረጴዛ ይይዛል።

ብርሃኑ ጂን አይሸከምም። ጂኑ ሴሎቹ ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ አስቀድሞ ተጨምሯል። ሌዘሩ የሴሏን ሽፋን አንዲት ነጥብ ላይ ይበሳል፣ ዲኤንኤው በዚያ ይገባል። ሽፋኑ ስብ ስለሆነ ቀዳዳው ራሱ ይደፈናል፤ ወጥ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት በማንኪያ ጫፍ ሲከፍሉት ተመልሶ እንደሚገጥመው።

የማይገድላት ለምንድን ነው? ምስጢሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ብርሃኑ የሚመጣው በፌምቶሴኮንድ በሚለካ ብልጭታ ነው። አንድ ሴኮንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲካፈል አንድ ፌምቶሴኮንድ ይሆናል። ብልጭታው ይህን ያህል አጭር ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ዳር ለመሰራጨት ጊዜ አያገኝም። ቀለሙም ከቀይ ያለፈ፣ በዓይን የማይታይ ነው፤ 800 ናኖሜትር አካባቢ። ይህ ብርሃን ሴል ውስጥ ብዙም ሳይመጠጥ ያልፋል። ጉልበት የሚያገኘው ሌንሱ በሚያጠራቅምበት ነጥብ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ብዙ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) አንድ ላይ ይመጠጣሉ። ዙሪያው ደህና ነው። መጠኑ ካለፈ ግን አረፋ ይፈጠርና ሴሏ ትፈነዳለች፤ ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያናድዳል።

ለክፍልዎ የሚሆን ታሪክ ልስጥዎ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቲርላፑርና ኮኒግ የተባሉ ተመራማሪዎች የሃምስተር ሴሎችን በዚህ መንገድ በሱ። ያስገቡት ከጄሊፊሽ የተገኘውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጂን ነው። ሴሏ አረንጓዴ ካበራች ጂኑ ገብቶ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ፎቶ ካዩ አይረሱትም። ብልጭታዎቹ ተከታትለው የተለቀቁት በጠቅላላው ለ16 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር።

ጥርጣሬ አያጣኝም

ኧረ በናትሽ! ሴሎቹን አንድ በአንድ እየበሱ መቼ ሊያልቅ ነው? ቫይረሱ ሚሊዮኑን በአንዴ ይጨርሰዋል።

ላብ ያደገች

ልክ ነህ፣ ትልቁ ድክመቱ እሱ ነው። ግን አንዲት ሴል መርጠህ መንካት ስትፈልግስ? እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ያለው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሴል ላይ ሞከሩት። አንዱን ኤምአርኤንኤ (የጂንን መልእክት የሚያደርስ ቅጂ) ቅርንጫፏ ላይ ሲያስገቡት ሴሏ ሞተች፤ ዋናው አካሏ ላይ ሲያስገቡት ግን አልሞተችም። የት እንደምታስገባ የመምረጥ ዕድል ቫይረስ አይሰጥህም።

የእንሰት ልጅ

እኔ ከሲዳማ ነኝ። ቤተሰቦቼ ጓሮ አጠውልግ የሚባለው በሽታ እንሰቱን እየጨረሰው ነው። ይሄ ሌዘር ለእኛ ይሆናል?

ላብ ያደገች

አይዞህ ወንድሜ። ሌዘሩን ግን ለዚህ አትጠብቅ። የዕፅዋት ሴል ከስቡ ሽፋን ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው። እሱን ብትበሳው እንኳ ከዚያች አንዲት ሴል ሙሉ ተክል ማሳደግ ሌላ ፈተና ነው። የሙዙን አጠውልግ ለመቋቋም ኡጋንዳ ውስጥ የቃሪያ ጂን ያስገቡት አግሮባክቴሪየም በሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ሙዝና እንሰት ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። ለአሁኑ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩት። የቆረጣችሁበትን ቢላዋ በእሳት ለብልቡት፣ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሰው እሱ ነው። አዲስ ችግኝም ከታመመ ጓሮ አትውሰዱ።