ማሲንቆና ድምፅ አብረው ሲቀዱ ማሲንቆው ለምን ይሳሳል?

ጥያቄ፦ አንድ አዝማሪ ማሲንቆ እየመታ ሲዘፍን ቤት ውስጥ በሁለት ኮንደንሰር ማይክ እቀዳለሁ። ትራኮቹ ለየብቻ ጥሩ ናቸው፤ አብረው ሲከፈቱ ግን ማሲንቆው ወፍራም ድምፁን ያጣል። ኢኪውም (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ መጠን ማስተካከያው) አልረዳኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ የፌዝ (phase) ችግር ነው፦ አንድ ድምፅ ሁለት ማይክ ውስጥ በተለያየ ጊዜ ገብቶ ሲደመር ከፊሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ በኢኪው አይድንም። የማሲንቆው ድምፅ ሁለቱ ማይኮች ጋ እኩል አይደርስም። የ34 ሳንቲሜትር ልዩነት 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ ያ ደግሞ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ይበላዋል። አንዱን ማይክ ከማሲንቆው ቆዳ 20 ሳንቲሜትር ላይ አቁም፤ የዘፋኙ ማይክ ከማሲንቆው ቢያንስ 60 ይራቅ፣ ከአፉ ግን ከ15 አይብለጥ። ከአገጩ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ወደ አፉ ብታቀናው የማይኩ ጀርባ ማሲንቆውን ያያል። ማይኩ ካርዲዮይድ (በፊቱ በኩል በደንብ የሚቀበል ዓይነት) ከሆነ በጀርባው በኩል የመጣውን እምብዛም አይሰማም።

መልስ፦ ለተቀዳው፣ ሁለቱንም በሞኖ (በአንድ ቻናል ተደምረው) ክፈትና የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጥ፤ የወፈረውን ያዝ። ካልበቃ የማሲንቆውን ትራክ በ1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ አዘግየው። ሲበዛ የዘፋኙ ድምፅ ይቦረቦራል፣ እሱንም እያዳመጥክ።

መልስ፦ ኦቶቱን (የዘፋኙን ቃና የሚያስተካክል ሶፍትዌር) ልትጠቀም ካሰብክ ግን ማሲንቆውንና ድምፁን በተለያየ ጊዜ ለየብቻ ቅዳ። በዘፋኙ ማይክ የገባውን ማሲንቆ አብሮ ያጣምመዋል።