ፖሊስ በድብቅ የቀረጸው ቪዲዮ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አለው?

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦
የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የአክስቴ ልጅ የተሰረቁ የመኪና ዕቃዎችን ተቀብሎ ሸሽጓል ተብሎ ተከሷል። ዐቃቤ ሕግ ከሰው ምስክሮች በተጨማሪ መርማሪዎች ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ሆነው በድብቅ የቀረጹትን ቪዲዮ በሲዲ አያይዟል። ከፊሉ ሰዎች ዕቃ ተሸክመው በሕንፃው መግቢያ ሲያልፉ፣ ከፊሉ ደግሞ በመስኮት በኩል ሳሎኑ ውስጥ የሚደረገውን ያሳያል። ለቀረጻው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለ መኖሩ በመዝገቡ ውስጥ አንድም ወረቀት አላገኘንም። ፍርድ ቤቱ ይህን ማስረጃ ሊቀበለው ይችላል?

ጠበቃው፦
ሁለቱ ቀረጻዎች ተለይተው መታየት አለባቸው። መግቢያው አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያየው ስፍራ ስለሆነ በእርሱ ላይ የሚቀርብ መቃወሚያ ብዙም አያራምድም። ሳሎኑ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሚጠብቀው መኖሪያ ቤት ነው፤ በንዑስ አንቀጽ 3 መሠረትም መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ወንጀልን እንደ መከላከል ላለ ዓላማ በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለምሳሌ የፍርድ ቤት ፈቃድን መርሕ ያደረገ ሲሆን፣ በአስቸኳይ ሁኔታ ያለ ፈቃድ የተደረገ ክትትል ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲቀርብ ያስገድዳል። በመሸሸግ ወንጀል ምርመራ ላይ የሚሠራበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ስለ ብርበራ እንጂ ስለ ድብቅ ካሜራ አይናገርም።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦
ከዚህ ተነሥቶ ቪዲዮው በራሱ ውድቅ ይሆናል ብሎ መደምደም ያሳስታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ የደነገገው በማስገደድ ለተገኘ ማስረጃ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል አንቀጽ 26 ውስጥ የለም። ሌላም አገር ነገሩ ቀላል ሆኖ አልተገኘም፦ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ፖሊስ ያለ ፈቃድ በሆቴል ክፍል ውስጥ ካሜራ መደበቁን የመብት ጥሰት ነው ካለ በኋላ ቀረጻውን ግን በማስረጃነት ተቀብሎታል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ከተቀባይነቱ ይልቅ በታማኝነቱ ላይ ቢያተኩር ይሻላል፤ ማን ቀረጸው፣ በምን መሣሪያ፣ ዋናው ቅጂ በማን እጅ ቆየ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ዐቃቤ ሕግን የሚያስጨንቁት።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦
አመሰግናለሁ። ሲዲው ላይ ያለው ተቆራርጧል፤ በምስሉ ጥግ የሚታየው ሰዓትም በመሃል ይዘላል።

ጠበቃው፦
እንግዲያስ የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ያሉት ይበልጥ ይሠራል፤ ቢሆንም የሳሎኑን መቃወሚያ አልተውም፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊቀርቡ ይችላሉና። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት ስለሚሰጠው፣ ያልተቆረጠው ዋና ቅጂ እንዲቀርብና ቀራጩ መርማሪ በምስክርነት ተጠርቶ መስቀለኛ ጥያቄ እንዲጠየቅ ጠበቃችሁ ያመልክት። መቃወሚያው ቪዲዮው ችሎት ላይ ከመታየቱ በፊት በጽሑፍ ይግባ፤ ዳኛ አንዴ ያየውን አላየሁም ሊል አይችልምና። ውድቅ ቢደረግ እንኳ ብይኑ ከነምክንያቱ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ይጠየቅ፤ ይግባኝ የሚባለው እርሱን ይዞ ነው።