ለአሮጌ ካራቫን የጣሪያ አጽም ዋንዛ ወይስ ጥድ?

ነዋሪነቴ ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ከ3 ዓመት በፊት አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት በጨረታ ያስወገደውን 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተጎታች ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ገዝቼ በማደስ ላይ እገኛለሁ። ውጪው ስስ አልሙኒየም፣ ውስጡ ኮምፔንሳቶ፣ በመካከል ያለው አጽም ደግሞ ለስላሳ የፈረንጅ እንጨት ነው። አዲስ የመግዛት አቅም ቢኖረኝ እንኳ ይህን የምጥለው አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት በጣሪያው መጋጠሚያ ውኃ ገባ። ሲሊኮን ደጋግሜ ብቀባውም፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለማይጣበቅ (ይህን የተማርሁት ሦስት ቱቦ ከጨረስሁ በኋላ ነው) በነሐሴ እንደገና አፈሰሰ። ኮምፔንሳቶውን ስገነጥለው ከፊት መስኮቱ በላይ ያለው ሞራሌ እንደ ጠላ አተላ በጣቴ ላይ ቀረ። የበሰበሰውን በባሕር ዛፍ ተካሁት፤ እርሱም በበጋ ሲደርቅ ተጣሞ አልሙኒየሙን አሳበጠው። የብረት ብሎኖቹ አልሙኒየሙን በነኩበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ስላወጣ፣ እነርሱን በማይዝግ ብሎንና በላስቲክ ሮንዴላ እየለወጥሁ ነው።

የቀረኝ እንጨቱ ነው። ዋንዛ ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመችና ብዙም የማይጣመም ነው፤ ጥድ (የሐበሻው) ደግሞ ብስባሴንና ምስጥን በሚገባ ይቋቋማል፣ ነገር ግን ብሎን ሲገባበት ቶሎ ይሰነጠቃል። 2 በ4 ሳንቲ ሜትር ለሆነ፣ በኮረኮንች መንገድ ለሚንገጫገጭ የጣሪያ አጽም ከሁለቱ የትኛውን ብጠቀም ይሻላል?