የእናቶች ቀን ይቅር፣ ይቆይ ወይስ ይስፋ? በመዋዕለ ሕፃናት በዓል ላይ የተነሣ ክርክር

የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባል፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአካባቢያችን ያሉ የግል መዋዕለ ሕፃናት ግንቦት መግቢያ ላይ የእናቶችን ቀን ያከብራሉ። ልጆቹ ካርድ ይሠራሉ፣ መዝሙር ያጠናሉ፣ መጨረሻ ላይ ለእናቶቻቸው አበባ ይሰጣሉ። በዘንድሮው ስብሰባ ግማሹ «የቤተሰብ ቀን ይባልና ያሳደገ ሁሉ ይጠራ» አለ፣ ግማሹ «የእናት ስም አይነካ» አለ። ሳንስማማ ተበተንን። ሥራውን የምታውቁ እስቲ ተከራከሩበት። የየራሳችንን ታሪክ ግን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ያ ከተጀመረ አያልቅም።

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ለገጣፎ፦
እኔ ስሙ ይቆይ ባይ ነኝ። እናት የሌለችው ልጅ በሰፈሩም በክፍሉም ይታወቃል። ትምህርት ቤቱ ቃሉን ስለደበቀው ሐዘኑ አይደበቅም፤ ልጁ የሚማረው «እናት» የሚባለው ቃል እሱ ባለበት የማይነሣ ነውር መሆኑን ነው። ደግሞ «የቤተሰብ ቀን» ስትሉ ማን ይመጣል? አባት «እሷ ትሄዳለች» ይላል፣ እናት «ዛሬ እንኳ እሱ ይሂድ» ትላለች፣ ወንበሩ ባዶ ይውላል። የእናቶች ቀን ሲባል ግን የተጠራችው ሰው ራሷን ታውቃለች።

የኬጂ መምህርት፣ ኮዬ ፈጬ፦
ጋሼ፣ ስሙን ለጊዜው እንተወው። ልጅ የሚሰበረው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ስም አይደለም፣ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ነው። ልጆቹ ተደርድረው ይዘምራሉ፣ ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ መምህርቷ ማይክ ይዛ «በሉ አሁን እማዬን ፈልጉና አበባዋን ስጧት» ትላለች። 30 ልጅ ቢሆኑ 27ቱ ሮጠው ጉያ ውስጥ ይገባሉ፣ 3ቱ አበባቸውን እንደያዙ መድረኩ ላይ ይቀራሉ። ስልኩ ሁሉ የተደገነው እዚያው ላይ ነው። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ? ለ4 ዓመት ልጅ ይህ ተረት አይደለም፤ የቀረችበትን ምክንያት አይለይም።

ስለዚህ አካሄዱን መገልበጥ ነው። ልጆቹ ወደ እንግዶቹ አይሩጡ፤ እንግዶቹ ወደ ልጆቹ ይምጡ። መዝሙሩ ሲያልቅ ልጆቹ አምስት ስድስት ሆነው በየጠረጴዛቸው ይቀመጣሉ፣ የመጣ ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። ስድስት ልጅ ባለበት አራት ትልቅ ሰው ቢቀመጥ ማን የማን እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። ሰው እንደማይመጣለት የታወቀ ልጅ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ረዳት መምህርቷ ቀድማ ትቀመጥ። ልጁ ብቻውን መሆኑ ከታየ በኋላ እየሮጠች ብትደርስለት በማይክ ከማወጅ አይተናነስም።

የ4ኛ ክፍል መምህር፣ ጀሞ፦
ጠረጴዛው ጥሩ ነው። ካርዱስ? አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው፤ ልጁ ከበዓሉ ቀን በፊት አምስት ቀን እያሰበበት ይሰነብታል።

የኬጂ መምህርት፣ ኮዬ ፈጬ፦
ልክ ነዎት። ስሕተቱ «ለእናቴ» የሚል ፎቶ ኮፒ ማደል ነው። «ለ» ብቻ ይጻፍና ከጎኑ መስመር ይተው። መምህርቷ ከእያንዳንዱ ልጅ አጠገብ ዝቅ ብላ ጠይቃ ትሞላለታለች። ከፊት ቆማ «አንተ ለማን ነው የምትሰጠው?» ብትል ግን መስመሩ ምንም አልረዳም፤ ጓደኞቹ ይመልሱለታል፣ «እሱ እኮ እናት የለውም» ብለው።

ስለ መጠኑ፦ አንድ ኤ4 ባለቀለም ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ ሲታጠፍ 2 ካርድ ይወጣዋል። ለ30 ልጅ 15 ወረቀት ይበቃል፣ እናንተ 20 ግዙ። ትርፉ 10 ካርድ ኮላ ለፈሰሰበት፣ መቀስ ላበላሸበትና ሁለት ካርድ ለሚፈልግ ልጅ ነው። ሁለት የሚፈልግ ደግሞ አይጠፋም፤ እናቱ ሌላ ቤት ሆና አያቱ የምታሳድገው አለ፣ እንጀራ እናቱን የሚወድ አለ። «አንዷን ምረጥ» የሚባል ነገር እንዳይሰማ።

መዝሙሩም እንደሚፈራው አይከብድም። «እማዬ» ባለችበት ቦታ «አባዬ»፣ «አያቴ»፣ «አጎቴ»፣ «አክስቴ» ብትገባ ዜማው አይሰበርም። «እኅቴ» ትንሽ አጠር ትላለች፣ ሳብ ያደርጓታል። «እወድሻለሁ» ለወንድ «እወድሃለሁ» ሲሆንም ልኩ ያው ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ለእናት፣ ሁለተኛውን ለአባት፣ ሦስተኛውን ለአያት አድርጎ ሁሉም ልጅ ሁሉንም ይዘምር። ለየልጁ የየራሱን ቁጥር ማደል ግን መልሶ መለየት ነው። ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እናት ከቦታዋ ተነሥታለች ይላሉ?

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ለገጣፎ፦
አልተነሣችም፤ እንዲያውም ቀድማለች። በመዝሙሩና በጠረጴዛው ተረትቻለሁ። በስሙ ግን ገና ነኝ።

ነጋዴ ወላጅ፣ የካ አባዶ፦
እኔ ሁለታችሁንም አልደግፍም። ቀኑ ከነጭራሹ የእኛ አይደለም፣ ይቅር። አበባ ሻጭና ፊኛ ነፊ ነው የሚጠቀመው። ከ30 ልጅ 300 ብር ሲሰበሰብ 9,000 ብር ነው፤ በዚያ ገንዘብ ስንት የሥዕል መጽሐፍ ይገዛል።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ቦሌ አራብሳ፦
ወንድሜ፣ የግንቦቱ እሑድ ከአሜሪካ መምጣቱ እውነት ነው፤ እዚያ በአገር ደረጃ የታወጀው በእነሱ አቆጣጠር በ1914 ነው። ለቀኑ የታገለችው አና ጃርቪስ ራሷ በኋላ አበባ ሻጮችን ስትከስስ ኖራለች፣ ስለዚህ በአበባው ጉዳይ ብቻዎን አይደሉም። እናትን በበዓል ማክበር ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጉራጌ አንትሮሽት አለው። ስለ ገንዘቡ እስማማለሁ። መዋጮው ራሱ ልጅ ይለያል፤ ያልከፈለ ልጅ አበባ የለውም። ካርዱ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት ይሠራ፣ አበባው ይቅር።

እኔ ላነሣው የፈለግሁት ዓረብ አገር ያሉትን እናቶች ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት በቅንነት ተነሣስቶ በበዓሉ መሐል እናትየውን በኢሞ ደውሎ በትልቁ ስክሪን ያሳያል። ይህን አታድርጉ። አንደኛ፣ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ስልኳን የምታገኘው በአሠሪዋ ፈቃድ ነው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ባታነሣ ልጁ በሰው ፊት ሁለተኛ ጊዜ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ብታነሣም ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ፊቷ ይደርቃል፣ ልጁ ስክሪኑን ይዳስሳል፤ ከዚያ በኋላ ያን ልጅ ማባበል ከባድ ነው። የሚሻለው ልጁ ካርዱን ይዞ 30 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ቀርጾ ለአሳዳጊው መላክ ነው። እናቲቱ በተመቻት ሰዓት ታየዋለች፣ መልሷን ልጁ ቤቱ ሆኖ ይሰማል።

ሰዓቱንም አስቡበት። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት በዓል መጥራት ቂሊንጦና ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ለሚሠሩት፣ መርካቶ ወርደው ለሚቸረችሩት የአንድ ቀን ገቢ ማጥፋት ነው። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል። ከኮዬና ከአራብሳ ትራንስፖርቱን ስለምታውቁት ጥሪው ከ3 ሳምንት በፊት ይውጣ። «ከቤት አንድ ትልቅ ሰው ይምጣ» ቢል ይበቃል።

ጠበቃ፣ ገላን፦
ጥሪው ላይ ስለሚጻፈው ቃል ልጨምር። የመመዝገቢያ ቅጾች ብዙ ጊዜ «የወላጅ/የሞግዚት ስም» ይላሉ። በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሞግዚት ማለት በሕግ ለልጁ ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው። በሰፈር ቋንቋ ግን ሞግዚት ተቀጥራ ሕፃን የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት። ስለዚህ የሙት ልጅ የምታሳድግ አያት ቅጹን አይታ «ሞግዚት እንኳ የለንም» ብላ ባዶውን ትመልሰዋለች፣ የእናቱ ስም የሚጻፍበትም ባዶ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የልጁን ሁኔታ የሚያውቀው በበዓሉ ቀን ይሆናል። «ልጁን ቤት የሚያሳድገው ማነው?» ተብሎ በአንድ መስመር ይጠየቅ፣ ከሥሩም «በትምህርት ቤት በዓል ላይ ማን ይጠራ?» የሚል ይኑር። መስከረም ላይ የተሞላ ቅጽ ግንቦት ላይ እንዳለ አይታመንም፤ በመሐል ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ ይሰደዳል። መጋቢት ላይ ይታደስ።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ወላጅን ብቻ አይልም፤ በሕግ የማሳደግ መብት ያለውን ሰው ከጎኑ አስቀምጦታል። እዚህ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ዘንድ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ነው፤ «እውነተኛ እናቱ ትምጣ» የሚል መምህር ቤተሰቡን ነው የሚሰድበው።

አንድ አደጋ አለ፣ ማንም አላነሣውም። በር። በሌላው ቀን ልጅ የሚወጣው በመውሰጃ ካርድ ነው፤ በበዓል ቀን ጥበቃው ሁሉንም ያስገባል፣ ሁሉንም ያስወጣል። ተፋትተው ስለ ልጅ የሚካሰሱ ሰዎች የሚጠብቁት እንዲህ ያለውን ቀን ነው። ተጋባዡን ባሰፋችሁ መጠን በሩን አጥብቁ። መግባት ለሁሉም ይሁን፣ ልጅ ይዞ መውጣት ግን በካርድ ብቻ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ቅጂው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ ለጥበቃው ታሪኩ አይነገረውም፣ ስም ብቻ ይበቃዋል።

የ4ኛ ክፍል መምህር፣ ጀሞ፦
ትልልቆቹ ልጆች ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ይመጣል። «እናቴ» በሚል ርዕስ ድርሰት ጻፉ ይባላል። «የሚንከባከበኝ ሰው» ቢባል ሰዋስዉም ያው፣ ነጥቡም ያው ነው። ከዚያ ደግሞ የሰኔው የወላጆች ቀን አለ። «ወላጅ ካልመጣ የውጤት ካርድ አይሰጥም» የሚለው ደንብ 1ኛ የወጣውን ልጅ ሳይቀር ባዶ እጁን ይመልሰዋል። በቅጹ ላይ የተመዘገበ ትልቅ ሰው ይፈርም፣ ይውሰድ፤ አለቀ።

የወተመህ አባል፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ወደ ስሙ እንመለስ። የተባበሩት መንግሥታት የቤተሰብ ቀን ግንቦት 7 ነው። የእናቶቹ እሑድ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ውስጥ ስለሚውል ሁልጊዜ ጎን ለጎን ናቸው። ለምን አናዋህዳቸውም?

ነጋዴ ወላጅ፣ የካ አባዶ፦
«ግንቦት 7 በዓል አለ» ብለህ ወረቀት ስትለጥፍ የድሮው የፖለቲካ ድርጅት መስሎት ደንብ ማስከበር እንዳይመጣብህ 😄

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ለገጣፎ፦
ግድግዳው ላይ «የእናቶችና የአሳዳጊዎች ቀን» ቢባል እፈርማለሁ። «የቤተሰብ» ብቻ ከሆነ አልፈርምም። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ልጁ ዞር ዞር ብሎ ካርዱን ለራሷ ለመምህርቷ ቢሰጣትስ?

የኬጂ መምህርት፣ ኮዬ ፈጬ፦
ይሰጣታል፤ የሚሆን ነገር ነው። ትቀበለው፣ «አመሰግናለሁ» ትበለው፣ እንባ አታውጣ፣ ፎቶ አታስነሣው። «ይህን ለእማዬ ስጣት» ብላ አትመልስለት። ቅድም ካልኩት 10 ትርፍ ካርድ አንዱን አውጥታ አጠገቡ ታስቀምጥና «ማታ ራት ለሚያበላህ ሰው ደግሞ ሌላ እንሥራ?» ትበለው። እምቢ ካለ ካርዱ ባዶውን ቦርሳው ውስጥ ይግባ።